በጨለማው ወራት ለሚመጣ ድብርት የገዛሁት መብራት አልሠራልኝም

ሰላም ለሁላችሁ። ቀኑ ማጠር ሲጀምር እንቅልፍ ይጫነኛል፣ ጣፋጭ ነገር ያምረኛል፣ ሰው ማግኘት ያስጠላኛል። ቀኑ በጣም ወደሚያጥርበት ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ለዚሁ የተሠራውን መብራት ገዝቼ ማታ ከሥራ ስመለስ እከፍተዋለሁ፤ ለውጥ ግን የለም፣ ጭራሽ እንቅልፍ ነሳኝ። የሞከራችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ይህ ስንፍና አይደለም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ሰነፍ እያልኩ ስወቅስ ስለነበር ነው ይህን የማስቀድመው። የአእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 (እ.ኤ.አ.) «ወቅታዊ የስሜት መታወክ» የሚል ስም ሰጥተው የገለጹት ሕመም ነው።

ያሳሳተሽ ሰዓቱ ይመስለኛል። ዓይን ከማየት ሌላ ሥራ አለው፤ ብርሃን ሲያርፍበት መንጋቱን ለአንጎል ያስታውቃል፣ የሰውነታችንም ሰዓት በዚያ ይቃኛል። ማታ ስትከፍቺው ሰውነትሽ ገና ቀን ነው ብሎ እንቅልፉን ያዘገያል። ጠዋት እንደተነሳሽ አድርጊው።

የተለመደው መጠን 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ለ30 ደቂቃ ነው። የቤት መብራት ብዙውን ጊዜ 500 ሉክስ እንኳ አይሞላም። አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያጣራ መሆኑንም አረጋግጪ። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ፣ መብራቱ ላይም ሳታፈጪ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። እኔ ለውጡን ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ቀለል ሲለኝ ባቆምኩት ጊዜ ተመለሰብኝ፤ ስለዚህ ቀኑ እስኪረዝም አታቋርጪው።

ግን አደራ፣ ባይፖላር (ስሜት በድብርትና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋልልበት የአእምሮ ሕመም) ካለብሽ፣ የዓይን ሕመም ካለብሽ ወይም ቆዳን ወይም ዓይንን ብርሃን ሲነካው እንዲቆጣ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትጀምሪ። ባይፖላር ባለበት ሰው ላይ ብርሃኑ ማኒያ፣ ማለትም ያንን ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ ሊቀሰቅስ ይችላል። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ መብራቱ እስኪሠራ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለሐኪም ንገሪ፣ ብቻሽንም አትሁኚ።

ሌላ መልስ፦
በተባለው ላይ፣ ጠዋት ወጣ ብለሽ ተራመጂ። ሰማዩ ደመና ቢሆንም እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን ቤት ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መብራት ብቻውን ካልበቃ የንግግር ሕክምናና የድብርት መድኃኒትም አለ፤ እኔን መልሶ በእግሬ ያቆመኝ የንግግር ሕክምናው ነው።

አንድ ጥያቄ፦ መብራትሽን ምን ያህል አርቀሽ ነው የምታስቀምጪው? 10,000 የተባለው በመመሪያው ላይ በተጻፈው ርቀት ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ስትርቂ በጣም ይቀንሳል። እስቲ አይተሽ ንገሪን።