ጥቆማ፦ ክር፣ መጽሐፍ፣ መጋረጃና መደርደሪያ፤ ከአባዶ ሳንርቅ ወይስ መርካቶ ወርደን?

ጥያቄ

ሰላም ጎረቤቶች። የካ አባዶ ከገባን ገና ሁለት ወራችን ነው። ቤቱ እንዳስረከቡን ነው ያለው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ባዶ። መጋረጃ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር እፈልጋለሁ። ሹራብም እሠራለሁ፤ እዚህ ግን ደህና ክር አጣሁ፤ ለመደርደሪያው የሚሆን መጽሐፍም እንዲሁ። ለሁሉም መርካቶ መውረድ ግድ ነው? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ

እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ እህቴ። እኔ ስገባ ሰፈሩ ጭቃ ነበር፤ ለመርፌም ለምስማርም መርካቶ እወርድ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። መርካቶ ዋጋው ይቀንሳል፤ ግን ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ፣ ማታ ደግሞ ዕቃ ተሸክሞ መገናኛ ሰልፍ ላይ መቆም አለ። ስለዚህ አሁን የምለየው እንዲህ ነው፦ አንዴ ገዝተሽ የምትገላገይውን ከሩቅ፣ «እዚህ ጋ ትጥበብ፣ እዚያ ጋ ትርዘም» እያልሽ የምትመላለሺበትን ከደጅሽ። ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ውሸት ይሆናል።

ክር ከሩቁ ነው። የሰፈራችን ሱቆች የሚይዙት አምስት ስድስት ቀለም ነው፣ እሱም ቀጭን አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር)። ለልጅ ኮፍያ ይበቃል፣ አልንቀውም። ለሹራብ ከሆነ ግን መርካቶ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ በጅምላ የሚሸጡት ጋ ሂጂ። አደራ የምልሽ፣ የሚያስፈልግሽን በሙሉ በአንድ ቀን ግዢ። የአዋቂ ሹራብ እንደ ክሩ ውፍረት ከ400 እስከ 600 ግራም ይፈጃል፤ ጥቅሉ ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 100 ግራም ስለሆነ ቆጥረሽ አንድ ጨምሪበት።

ይህን የተማርኩት በእናቴ ሹራብ ነው። ግራ እጅጌው መሃል ላይ ስደርስ ክሩ አለቀብኝ። በሳምንቱ እዚያው ሱቅ ተመልሼ «ያው ነው» አሉኝ፤ በሱቁ አምፖል ሳየው እውነትም ያው ሰማያዊ ነበር። ቤት ገብቼ፣ ጨርሼ፣ በረንዳ ላይ በፀሐይ ስዘረጋው ከክርኑ በታች ሌላ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ! ለካ ፋብሪካው ክሩን በዙር በዙር ነው የሚነክረው፤ ከዙር ዙር ቀለሙ ትንሽ ይለያያል። ጥቅሉን በያዘው ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የዙሩ ቁጥር አለ፤ ሁሉም ጥቅል ላይ ሁለቱም ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን እዪ። እናቴ ሹራቡን ትለብሰዋለች። እንግዳ ሲመጣ ግን ነጠላዋን በግራ ትከሻዋ በኩል ወረድ ታደርጋለች።

«ንጹህ ሱፍ ነው» ሲሉሽ ደግሞ ቶሎ አትመኚ። ጣት የሚያህል ቁራጭ ለምነሽ ክብሪት ጫሪበት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ነው የሚሸተው። ሻጩ ፊት ክብሪት መጫር ካፈርሽ ቁራጩን ይዘሽ ቤት ሞክሪ። አክሪሊክ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ ለልጅ ልብስ ቶሎ ቶሎ ስለሚታጠብ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። በሱፍ ዋጋ አትግዢው ነው የምልሽ።

ለዳንቴልና ለትራስ ልብስ ከሆነ ሽሮ ሜዳ ሂጂ። ሸማኔው የሚጠቀምበትን የጥጥ ክር እዚያ ታገኛለሽ። ድሩ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ስለሆነ ጠንካራና እኩል ነው፤ ለኪሮሽ ይመቻል። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ከሆነ ወፈር ቀጠን ይላል፣ ለስላሳ ነው፤ ለትራስ ልብስ እኔ እሱን እወዳለሁ። ከመጀመርሽ በፊት አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አድርቂው፣ አለበለዚያ ከሠራሽው በኋላ ይሰበሰብብሻል። የሹራብ መርፌ ካላገኘሽም አትጨነቂ፤ እናቴ ሹራብ የለመደችው በተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሞርዳ።

መጋረጃ ከደጅሽ። ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሱቅ አሰፍቼ፣ የሰጠኋቸው ልክ ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ ጋት አጥሮ መጣ። ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ ከታች ሌላ ጨርቅ ቀጠሉበት። እዚህ ያለ ልብስ ሰፊ ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ቤትሽ ድረስ ይመጣል፤ ቢያጥርም ማታውኑ ታንኳኪበታለሽ። ጨርቁን ራስሽ ግዢ፤ ስፋቱ የመስኮቱ ሁለት እጥፍ ካልሆነ ሲዘጋ አንሶላ የተሰቀለ ይመስላል። የሽሮ ሜዳ ጥጥ ከሆነ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ከዚያ ይለካ።

መደርደሪያም እዚሁ። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ቺፑድ ሲያዩት ያምራል፤ ግን 18 ሚሊ ቺፑድ ከ80 ሴንቲ በላይ ያለ ድጋፍ ከተዘረጋ መጽሐፍ ሲጫንበት ይጎብጣል። የእኔ በሁለተኛው ክረምት ጎብጦ ፈገግታ ሠራ። አሁን ያለኝ፣ ብየዳ ቤት ቋሚውን በየ60 ሴንቲው በብረት አሠርቼ አናጢ ጣውላውን ያሳረፈበት ነው። ዋንዛ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ኪሴ አልፈቀደም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት ነው። ምስማር ብትመቺበት ይዞ የሚይዘው ነገር የለም፤ በድሪል አስበስተሽ ፊሸር (ቪቱን ጨብጦ የሚይዝ ፕላስቲክ) አስገቢ።

ስለ ግድግዳው፦ ቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጥሩ ስፌት አላቸው፤ ዋጋው ግን ለቱሪስት ነው። እኔ የሰቀልኩት የአያቴን መሶብ ክዳንና ሁለት ሰፌድ ነው። አለላው ፀሐይ ስለሚያጠፋው መስኮት ፊት ለፊት አትስቀይው። ሶፋው ላይ ጋቢ ጣል ማድረግ ከየትኛውም የተገዛ ልብስ ይበልጣል፤ አራት ድርብ ስለሆነ ሰኔ ሲገባ ከሶፋው አንሥተሽ ትለብሺዋለሽ ማለት ነው።

ሌላ መልስ

ልጄ፣ መጽሐፉን እኔ ልንገርሽ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ እሱ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ያሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የተማሪ መጽሐፍና ደብተር እንጂ ልብ ወለድ ብዙም አይዙም። ያገለገለ መጽሐፍ ከፈለግሽ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና አራት ኪሎ ውጪ። ፒያሳ የለመድኳቸው ቦታዎች በኮሪደር ልማቱ ስለተነሡ እዚያ አልልክሽም። ክንዱ ላይ እስከ አገጩ መጽሐፍ ደርድሮ የሚያዞረውን ልጅ አትናቂው፤ ያጣሁትን የወግ መጽሐፍ በሦስተኛው ቀን አምጥቶልኛል። ግን ከመክፈልሽ በፊት ገልጠሽ እዪ። ፎቶ ኮፒ የሆነው ፊደሉ ግራጫ ነው፣ መሃሉን ስትከፍቺው ሙጫው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ገጹ ይዘላል። እኔ አንዱን አንብቤ የገዳዩን ማንነት የሚናገረው ገጽ ጎድሎ አገኘሁት። እስካሁን አላወቅሁም።

ለመግዛት ካልቸኮልሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ በ2014 ነው የተከፈተው፤ ለልጆችም ለአዋቂም ቦታ አለው። መታወቂያ ያዢ። የድሮ ጋዜጣና ከኅትመት የወጣ መጽሐፍ ካስፈለገሽ ግን ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1936 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ አገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂው እዚያ እንዲገባ ሕግ ያስገድዳል።

ለገሃር ስትወርጂ ከአያት በባቡር ሂጂ። መነሻው እዚያ ስለሆነ ወንበር ታገኛለሽ፤ ወንበር ካገኘሽ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ትጨርሻለሽ። ጠዋት በሥራ ሰዓት ግን አትሞክሪው፣ መጽሐፍ ሊገለጥ ቀርቶ እጅም አይነሣ። ታክሲ ውስጥ ማንበብ ለእኔ ማቅለሽለሽ ነው።

ሌላ መልስ

አበባ ረሳችሁ! ማሰሮውን ቀጨኔ ሸክላ ከሚሠሩት እናቶች ግዙ፣ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ሸክላው ይተነፍሳል፣ ሥሩ ቶሎ አይበሰብስም። ታች ቀዳዳ እንዲያደርጉለት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ችግኙን መንገድ ዳር ከሚሸጡት። እዚህ ውኃ በፈረቃ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ተሸክማችሁ አበባ ለማጠጣት ካልፈለጋችሁ እሬትና ቅጠለ ወፍራሞቹን ምረጡ። በነገራችን ላይ ዳንቴል ጊዜው አልፎበታል የምትሉ፣ የእኔን ቴሌቪዥን ከአባዶ አቧራ ያዳነው እሱ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ፣ የጎደለውን ገጽ እፈልግልዎታለሁ፣ የመጽሐፉን ስም በውስጥ ይላኩልኝ። መጋረጃውን እታች ብሎክ ላለው ሰፊ ሰጠሁ፣ ዛሬ ማታ ሊለካ ይመጣል። ቅዳሜ ለክር መርካቶ ልወርድ ነው፤ መንገዱን ስለማላውቀው አብሮኝ የሚሄድ አለ?

መልስ

እኔ አለሁ። ለዚያ ለእጅጌው አዲስ ክር ልፈልግ ነው፤ ሙሉውን ፈትቼ እንደገና ልጀምረው ወስኛለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ታክሲው ጋ ጠብቂኝ፣ ክብሪት እኔ እይዛለሁ።