የ1999 አርቪ ኮንቨርተር አርጅቷል፤ ራሴ ብቀይረው ምን ልጠንቀቅ?

መንገደኛው (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)
ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የ1999 ሞዴል አርቪ ገዛሁ፤ አልጋ፣ ምድጃና ፍሪጅ ያለው የጉዞ መኪና፣ 30 አምፔር የሚወስድ። ያስቸገረኝ ከፍሪጁ ሥር ያለው ኮንቨርተር ነው፤ ያ 120 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት አውርዶ መብራቱንና የውሃ ፓምፑን የሚያሠራው፣ ባትሪውንም የሚሞላው ሳጥን። ከገዛሁት ጀምሮ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ክረምቱን ሙሉ ደጅ ላይ ሰክቼው ስለምተወው ባትሪው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል፤ እስካሁን ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ባሰበት፤ ከሶኬት ጋር ተገናኝቶ እንኳን ፓምፑ ሲነሳ መብራቱ ይደበዝዛል። አንድ ጋራዥ 900 ዶላር ጠየቀኝ። በዕድሜዬ ከአምፖል በቀር የቀየርኩት የኤሌክትሪክ ነገር የለም። ካቻቢቴና ድፍረት ይበቃኛል ወይስ ልክፈል?

ፈጣኑ
ወንድሜ፣ ምን አስጨነቀህ? ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር ገዝተህ በቦታው ግጠም። የቡና ምድጃህን ሁሉ ያሠራልሃል።

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)
ልጄ ፈጣኑ፣ ስማቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው ተቃራኒ ነው። ኢንቨርተር ከባትሪው 12 ቮልት ወስዶ 120 ያወጣል። የዚህ ልጅ ባትሪ የሚሞላው አጥቶ ሲደክም አንተ ጭራሽ የሚጠባው ልትጨምርበት ነው።

መንገደኛው፣ ሳጥኑን ከመኮነንህ በፊት ለካ። አርቪውን ከሶኬት ነቅለህ ጥቂት ሰዓት አቆየውና ባትሪው ላይ በቴስተር እይ፤ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከዚያ ሰክተህ ድገመው። ኮንቨርተሩ በሕይወት ካለ ቁጥሩ ወደ 13.2 ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ ብሬከሩን እይ፤ ባትሪውን የሚያቋርጠው ማብሪያ ተዘግቶ እንዳይሆንም ተመልከት። ቀጥሎ ቫልቮላዎቹን አንድ በአንድ አውጣቸው። ከሌሎቹ ገለል ብለው የተቀመጡ ትልልቅ ቫልቮላዎች ታገኛለህ፤ ባትሪ ተገላብጦ ሲገጠም መጀመሪያ የሚቃጠሉት እነሱ ናቸው። ስንት ደህና ኮንቨርተር በሁለት ቫልቮላ ምክንያት ተጥሏል መሰለህ!

መንገደኛው
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነቅዬ ስለካው 12.3፣ ሰክቼም 12.3 ነው። ቫልቮላዎቹ ደህና ናቸው፤ ወደ ሳጥኑ 120 ቮልት ይገባል። ባትሪውን ፈትቼ የሳጥኑን መውጫ ስለካ 10.9 አገኘሁ፤ መብራቱም ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)
እንግዲያውስ ሞቷል፤ እዘንና ቅበረው። ውሃ የጨረሰብህም እሱ ራሱ ነው። የዚያ ዘመን ኮንቨርተሮች ባትሪው ሞላ አልሞላ ሳይሉ 13.8 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። ለአንድ ሌሊት ጉዳት የለውም፤ ለአራት ወር ግን ባትሪውን እያፈላ ውሃውን ያተነዋል። አዲሶቹ እንደ ባትሪው ሁኔታ ይለዋወጣሉ። ለምሳሌ የፕሮግረሲቭ ዳይናሚክስ ኮንቨርተር ባትሪው ሲጎድል 14.4 ይሰጣል፤ ሲሞላ ወደ 13.6፣ ሳትጠቀምበት ሲቆም ደግሞ ወደ 13.2 ይወርዳል። ደጅ ላይ ሰክቶ ለሚተወው ለአንተ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው።

አሮጌው 45 አምፔር ከሆነ 45 ወይም 55 ይበቃሃል። 80 አትመኝ፤ ሽቦህ አይችለውም። ለ55 ቁጥር 6 ሽቦ ተጠቀም። በአሜሪካ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አትርሳ፤ ቁጥር 10 ከ6 ይበልጣል ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

የሲያትሏ
እኔ የራሴን ባለፈው በጋ ቀይሬያለሁ፤ አራት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግማሹን በደረቴ ተኝቼ። መጀመሪያ ከሁለት አንዱን ምረጥ። ወይ በነባሩ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ የታችኛውን ክፍል (ኮንቨርተሩን) ብቻ አውጥተህ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መተኪያ ታስገባለህ፤ ወይ ለብቻው የሚቆም ኮንቨርተር አጠገቡ አስቀምጠህ ሽቦውን ወደ ነባሩ ሳጥን ትስባለህ። የመጀመሪያው ንጹሕ ሥራ ነው፤ መተኪያው ለሳጥንህ ከተገኘ እሱን ውሰድ።

አንድም ሽቦ ሳትፈታ ፎቶ አንሳ፤ እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ጻፍበት። በተለይ ከጥቁሩ ሽቦ ተጠንቀቅ። በ120ው በኩል ጥቁር ማለት ፌዙ ነው፣ የሚገድለው። በብዙ አርቪዎች በ12ቱ በኩል ግን ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጋቲቭ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስታገኛቸው ቀለም አትመን፤ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ተከተል።

ሳጥኑ አየር ይፈልጋል። እኔ ጋቢና ብርድ ልብስ አጠገቡ አጭቄበት ግሎ ራሱን ሲያጠፋ ፋብሪካውን ስረግም ነበር። ከባትሪው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥም አታስቀምጠው፤ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)
የምተዳደረው የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ በመዘርጋት ነው፤ ስለዚህ የራሴን ስህተት ልንገርህ። የጓደኛዬን አርቪ ስሠራ እንደ ቤት ዋና ሳጥን ቆጥሬ ነጩን ኒውትራልና የመሬቱን ሽቦ አገናኘኋቸው። በአርቪ ውስጥ ግን ተለያይተው ነው መኖር ያለባቸው፤ የሚገናኙት ኤሌክትሪኩ በሚመጣበት በኩል ብቻ ነው። ካገናኘሃቸው በኒውትራሉ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ የመኪናውን አካል እንደ መንገድ ይጠቀምበታል፤ ኒውትራሉ ከተበጠሰማ በሩን የነካ ሰው ነው የሚመታው። ስለዚህ ሠራተኛ ብትጠራ እንኳን አርቪ የሚያውቅ ይሁን፤ እኔን የመሰለ አትጥራ።

ደግሞስ ለምን በዚሁ ወደ ሊቲየም ባትሪ አትሻገርም?

የሲያትሏ
የአውሮራን ክረምት ረሳኸው? ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳል። ባትሪው ደጅ ባለ ሳጥን ውስጥ ከሆነ የሚሞቅበት መላ ያስፈልገዋል። ወደፊት የሚያስብበት ከሆነ ግን ለሁለቱም ዓይነት የሚስተካከል ኮንቨርተር ቢገዛ አይከፋም።

መንገደኛው
ቅዳሜ ልጀምር ነው። ሊቲየሙ ይቆየኝ። ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ።

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)
ገመዱን ከሶኬቱ ንቀል፤ ብሬከር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ጀነሬተር ካለህ በራሱ እንዳይነሳ አድርገህ አጥፋው። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍታ። እንደገና በቴስተር ለካ፤ በዓይንህ ዜሮ ሳታይ እጅህን አታስገባ። ስትመልስ ፖዘቲቩን አስቀድም፣ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሁን። ብሎኖቹን ጠበቅ አድርጋቸው፤ 55 አምፔር በላላ ብሎን ሲያልፍ ያቃጥላል። ቀለበትህንም አውልቅ።

መንገደኛው
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ለሳጥኔ የሚሆን ባለ 55 መተኪያ አገኘሁ፤ ለእሱና ለሽቦው ያወጣሁት ከ300 ዶላር በታች ነው። እህቴ የሲያትሏ፣ አራት ሰዓት ያልሽው ለእኔ ዘጠኝ ሆነ። ስሰካው 14.4 አሳየኝ፤ በማግስቱ ጠዋት 13.6 ሆኖ አገኘሁት። ጩኸቱም ጠፋ፤ ባለቤቴ ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ ብላለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ትናንት ካምፕ ገብተን ባለ 1,500 ዋት ምድጃ ላይ ጀበና ጣድን። አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ ስለነበር ቡናው ሳይፈላ የ30 አምፔሩ ብሬከር ወደቀ። አዲሱ ኮንቨርተር ጥፋት አለበት?

ጋሼ ሽቦ (ዳላስ)
የለበትም፤ ደምረው። ምድጃው 12.5 አምፔር፣ ማቀዝቀዣው 13 አካባቢ፣ የጎደለ ባትሪ የሚሞላ ኮንቨርተር ደግሞ ወደ 8። 33 አለፈ። ቡናው እስኪወርድ ማቀዝቀዣውን አጥፋና መስኮት ክፈት፤ ለዕጣኑም ይበጃል።