መስማት የተሳነው ባልደረባችን ስብሰባ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ እኔ ምን ላድርግ?

የሒሳብ ክፍሏ፦

ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። አለቃ አይደለሁም።

ከአምስት ወር በፊት ንብረት ክፍል አንድ ልጅ ተቀጠረ። መስማት የተሳነው ነው። በየቀኑ እንገናኛለን። የዕቃ ገቢውን ሞዴል 19፣ የወጪውን ሞዴል 22 እያመጣ የሚያስረክበው ለእኔ ነው። እንደሱ ጥንቅቅ ያለ ሰነድ የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ስርዝ ድልዝ የለው፣ ቁጥር አይዘል።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። እሱ ዳር ላይ ደብተሩን ከፍቶ ይቀመጣል። ዓይኑ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲሮጥ አያለሁ። ከዚያ ይደክመዋል መሰለኝ፣ ያቀረቅራል። አንድ ቀን አጠገቡ ነበርኩና ገጹን አየሁት። ቀኑን ጽፏል። «አጀንዳ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ባዶ ነው።

ምሳ ላይም ያው ነው። ምሳ ዕቃችንን ከፍተን አንድ ላይ ነው የምንበላው። ያጎርሰናል፣ እናጎርሰዋለን። ሳቅ ሲሆን ግን ትከሻዬን ነካ አድርጎ በእጁ «ምንድን ነው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ እጄን አወዛውዤ «ምንም አይደለም» እለዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት እንጃ። ባለፈው ሳምንት ግን እንዲያ ስለው ፊቱን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።

የንብረት አያያዝ ስልጠናም መጥቶ ነበር። ለየክፍሉ በስልክ ተነገረና እሱ ሳያውቅ ምዝገባው አለቀ። ቡድን መሪያችንን ስጠይቃቸው «ቢሄድስ ምን ይሰማል ብለን ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። አንዳንዱ ደግሞ «ዲዳው» እያለ ይጠራዋል፤ ስድብ አይመስላቸውም።

አስተርጓሚ መቅጠር አልችልም። ደንብ መቀየር አልችልም። እንደ አንድ ተራ ሠራተኛ ምን ባደርግ ይጠቅመዋል? የምረዳው እያዘንኩለት እንዳይመስልበትም እፈራለሁ።

ባለ ምልክቱ፦

እህቴ፣ እኔ ራሴ መስማት የተሳነኝ ነኝ። 12 ዓመት ቢሮ ሠርቻለሁ። ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከ«ምንም አይደለም» ልጀምር። እኔን እንደዚህ ቃል የሚያመኝ የለም። ቤት ውስጥ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እናቴ ትለኛለች፣ ወንድሞቼ ይሉኛል። «በኋላ እነግርሃለሁ» የሚለውም ያው ነው፤ በኋላ የሚባለው ሰዓት አይመጣም። ወሬው ስለ ታክሲ ሰልፍም ይሁን ንገሪው። የማይረባ ከሆነ እሱ ራሱ «አይረባም» ይበል። በስልክሽ አንድ መስመር ጽፈሽ ብታሳዪው ይበቃል።

ከንፈር አይቶ ይረዳል ብለሽም አትተማመኚ። በ፣ ፐ እና መ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። «በራ» እና «መራ» ለዓይን አይለዩም። የሚናገረው ሰው መስኮት ከጀርባው ከሆነ ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል፣ ጨርሶ አይታይም። ወንበር ማዞር ገንዘብ አይጠይቅም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለብዙዎቻችን አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፤ አማርኛ በእጅ ሲነገር ማለት አይደለም። ስለዚህ አራት ገጽ ቃለ ጉባኤ ሰጥቶ «ጽፈንለታል» ማለት አይሠራም። ምን ተወሰነ? ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ? ይህን በአጭሩ ጻፉለት።

ደግሞ የእጅ ፊደሉን ተማሪ። ልክ እንደ አማርኛው ፊደል ነው። ለ የራሱ የእጅ ቅርፅ አለው፣ መ የራሱ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች የሚለዩት በእጅ እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴውን አንዴ ከያዝሽ ለሁሉም ቅርፅ ያገለግልሻል። ማን ያስተምረኝ ካልሽ፣ እሱ አለ አይደል? አስተማሪሽ ከሆነ በኋላ የማዘኑ ነገር አያስፈራሽም።

ሰው ሀብት፦

እኔ ስለ ሕጉ ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚባል አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ነው። አሠሪው የሥራ ቦታውንም ስልጠናውንም የሚመች እንዲያደርግ፣ ሥራው የሚጠይቅ ሲሆን ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም። ስለዚህ «ቢሄድስ ምን ይሰማል» የሚለው መልስ ከአዋጁ ጋር ይጋጫል። አስተርጓሚ ማቅረብ ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ ባለሙያ ጠፋ እንዳይሉሽ።

ግን እህቴ፣ አዋጁን ይዘሽ ከመሮጥሽ በፊት ልጁን ጠይቂው። መክሰስም ሆነ ደብዳቤ መጻፍ የሱ ውሳኔ ነው። ከፈለገ አብረሽው ግቢ። ካልፈለገ ተዪው፤ ያለፍላጎቱ ስሙ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የሚጎዳው እሱ ነው። «ዲዳው» ሲባል ግን ማንንም ሳትጠብቂ እዚያው ስሙን ጥሪ። ቁጣ አያስፈልገውም። «ማን? እገሌ ነው?» በያቸው። ሁሌም እንደዚያ ካደረግሽ ይለምዱታል።

ቡድን መሪ ነኝ፦

የዚያ ቡድን መሪ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ከእኔ ሥር ዓይነ ስውር ባለሙያ አለች። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብላታል። እኛ ደብዳቤዎችን ስካን እያደረግን በምስል እንልክላት ነበር። ስካን የተደረገው ገጽ ለዚያ ፕሮግራም ፎቶ ነው፤ ዝም ይላል። እሷ ማታ ቤቷ እህቷን እያስነበበች ትሠራ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ! ለውጤት ተኮር ምዘና «ትዘገያለች» ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ የሞላሁት በእጄ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የነገረችኝ ጸሐፊያችን ናት። በሩን ዘጋ አድርጋ «ጋሼ፣ በወርድ ፋይል ይላኩላት፣ ፎቶውን አታነበውም» አለችኝ። ስብሰባ ላይ ብትለኝ ኖሮ እከራከራት ነበር። ብቻዬን ስለሆንኩ ሰማኋት። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ስለ ልጁ ችግር ብዙ አታውሪላቸው፤ ምን መቀየር እንዳለበት ብቻ ንገሪያቸው።

የሒሳብ ክፍሏ፦ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጠየቅሁት። በቴሌግራም ረጅም ይቅርታ ጻፍኩለት። «ይቅርታው ይቅር፣ ወሬውን ንገሪኝ» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ቃለ ጉባኤ የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። እሱን ይበልጥ ያስቸገረው ስልኩ ነው። ዕቃ ሲመጣ በር ላይ ያሉት የሚደውሉት ለሌላ ሰው ነው፤ እሱ ጋ ሲደርስ መኪናው ግማሹን አራግፏል። አሁን የንብረት ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቷል። ጥበቃዎቹም ገብተዋል። መኪና ሲመጣ ታርጋውን ይጽፋሉ፣ እሱ ወርዶ ይቆጥራል።

ቡድን መሪያችንን ቢሯቸው ገብቼ አነጋገርኳቸው። ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት፦ እሱ መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጥ፤ መናገር የሚፈልግ መጀመሪያ እጁን ያውጣ። «ይሄማ ምን ችግር አለው» አሉ። የመጀመሪያው ሰኞ ሰዉ እየረሳ ተቸገርን። ሁለተኛው ሰኞ ራሳቸው ቡድን መሪያችን «አንድ በአንድ» ማለት ጀመሩ።

የእጅ ፊደሉን ምሳ ሰዓት እያስተማረን ነው። አሁን ስድስት ሆነናል። ሳብዑን ስሳሳት ጣቴን ይዞ ያስተካክልልኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን ከሁላችንም ቀድመው ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ። ለእኔ ደግሞ የምልክት ስም አውጥቶልኛል፤ በአንድ እጅ መዳፍ ላይ ማኅተም እንደመምታት ነው። ሰነዱን ሲያስረክበኝ ማኅተም የምመታበትን አኳኋን አይቶ ነው አሉ።

ባለፈው ሰኞ ደብተሩ ላይ አራት መስመር ጽፎ ነበር። ከሥሩ ጥያቄ አለ። እጁን አወጣና ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ፣ አነበብኩለት። የክፍሎች ፊርማ ስለሚዘገይ ሞዴል 22 በሳምንቱ አይዘጋም፣ ምን ይደረግ የሚል ነው። ሃያ ደቂቃ ተወያየንበት። ሁሉም ፊቱን ወደሱ አዙሮ ነበር የሚያወራው።

የስልጠናውን ደብዳቤ ራሱ ጽፏል። አዋጁንም ጠቅሷል። መልስ ገና ነው። ሐሙስ አብረን ወደ ሰው ሀብት ክፍላችን እንሄዳለን።