ጃፓኖች ስለ ውስጥ እግር ሜላኖማ ያጠኑት ለመንዝ ገበሬ ምን ያህል ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና መኮንን፣ መንዝ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ በመንዝ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። በተረከዛቸው ወይም በውስጥ እግራቸው ጥቁር ምልክት ያለባቸው ሰዎች ወደ እኛ ይመጣሉ፤ የሚመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሕመም ነው፤ ስለ ምልክቱ ሲጠየቁም «እሾህ የወጋኝ ቦታ ነው» ወይም «አብሮኝ የተወለደ፣ ማርያም የሳመችኝ ነው» ብለው ያልፉታል። በኮሌጅ ስለ ሜላኖማ የተማርነው ነጭ ቆዳ ያላቸውንና ፀሐይ የሚያቃጥላቸውን ሰዎች የሚይዝ ካንሰር መሆኑን ነበር። ሰሞኑን የጃፓን የቆዳ ሐኪሞች የጻፉትን ሳነብ ግን በዚያ አገር በብዛት የሚታየው ዓይነት ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው መሆኑን ተረዳሁ። እነርሱ የደረሱበት ነገር ለእኛ ሕሙማን ይሠራል ወይ? ደርሞስኮፕ (ቆዳን አጉልቶ የሚያሳይ ባለ መብራት መሣሪያ) በሌለበት ጤና ጣቢያስ የትኛውን ምልክት ወደ ሆስፒታል ልላክ፣ የትኛውን ልተው?

መልስ፦ የቆዳ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። አስቀድሜ ብዙ ጊዜ የሚሳት አንድ ነጥብ ላንሣ። በጃፓን ሜላኖማ በጠቅላላው ብርቅ ነው፤ በዓመት ከ100,000 ሰዎች የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ከዚህ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ በእጅና በእግር ጫፍ የሚወጣ የሆነው ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ በተለየ ስለሚጋለጡ ሳይሆን፣ ፀሐይ የምታመጣው ሌላው ዓይነት በእነርሱ ዘንድ ጥቂት ስለሆነ ነው። የውስጥ እግሩ ሜላኖማ በየትኛውም የቆዳ ቀለም ባለው ሕዝብ ላይ ብዙም በማይራራቅ መጠን ይከሰታል። ስለዚህ የጃፓኖች ዕውቀት ለእኛ የሚጠቅመው በሽታው የእነርሱ ስለሆነ አይደለም፤ እኛም ሜላኖማን መፈለግ ያለብን እነርሱ በፈለጉበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ከሥራቸው ትልቁን የምቆጥረው በማትሱሞቶ ከተማ በሚገኘው የሺንሹ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶሺያኪ ሳይዳና ባልደረቦቻቸው ያሳዩትን ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ጎን ለጎን በሚሄዱ ጉብታዎችና ቦዮች የተሰመረ ነው፤ የእነዋሪን ጥቁር አፈር ተረተርና ፈር ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። የላብ ቀዳዳዎች በጉብታው አናት ላይ በተርታ ስለሚከፈቱ በደርሞስኮፕ ሲታዩ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ጉብታው የቱ እንደሆነ ይጠቁማሉ። ጉዳት የሌለው ምልክት ጥቁረቱን በአብዛኛው በቦዩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሜላኖማ ግን ገና በመጀመሪያው ደረጃ ሳለ ጥቁረቱ ጉብታውን ተከትሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የብዙ ሆስፒታሎች ጥናታቸው ይህ የጉብታ መልክ ከሜላኖማዎቹ 86 በመቶውን አግኝቷል፤ ጉዳት ከሌላቸው ምልክቶች ደግሞ 99 በመቶዎቹ ይህ መልክ አልነበራቸውም።

ከዚህ ተነሥተው ያወጡት የአሠራር ቅደም ተከተል ቀላል ነው። ጥቁረቱ በጉብታው ላይ ከሆነ ምልክቱ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ናሙና ይወሰዳል። የቦዩ መልክ ወይም ሌላ የታወቀ ጤናማ መልክ ጥርት ብሎ ከታየ ይተዋል። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ስፋቱ ከ7 ሚሊ ሜትር ካለፈ ናሙና ይወሰዳል፤ ካላለፈ በየጊዜው ይታያል።

ይህን ሁሉ እንዳለ ወደ እኛ ለማምጣት ግን አልደፍርም። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ውስጥ እግር ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ከተፈጥሮ የሚገኙ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ምንም ጉዳት ሳይኖራቸው የጉብታውን መልክ ይይዛሉ። ስለዚህ በሁለቱም እግሮች ላይ የተበተኑ፣ የሚመሳሰሉና ለዓመታት ያልተለወጡ ከሆኑ እንደ ጃፓን ሁሉንም ለመቁረጥ መቸኮል አይገባም። ከሌሎቹ የተለየው አንዱ፣ እየሰፋ የሚሄደው፣ ጠርዙ የተዛባው፣ ቀለሙ አንድ ወጥ ያልሆነው፣ ወይም የቆሰለውና የማይድነው ግን ይላክ። የላይኛውን ጠንካራ ቆዳ በስለት ቀስ ብለው ሲፍቁት ተነሥቶ የሚጠፋ ጥቁረት የረጋ ደም ነው። ቆላ ወርዶ በተመለሰ ሰው ላይ ሙጀሌንም አይርሱ። ወይን ጠጅ የመሰሉ ብዙ እብጠቶች ካዩ ካፖሲ ሳርኮማ የተባለውን ካንሰር ጠርጥረው የኤችአይቪ ምርመራ ያስቡ። በመጨረሻም ብሽሽቱን ይዳስሱ፤ በውስጥ እግሩ ጥቁር ምልክት ባለው ሰው ላይ ጠንካራና የማያም ንፍፊት ካለ ቀጠሮ የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም።

መልስ፦ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ሞላሌ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዚሁ ከሺንሹ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ሜላኖማ በውስጥ እግር ላይ በብዛት የሚገኘው የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት በተረከዝና በፊተኛው የእግር ክፍል እንጂ በመሐሉ ጎድጓዳ ላይ እንዳልሆነ አሳይቷል። በእኛ አገር ደግሞ ገበሬው ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። ታዲያ ለዝሆኔ በሽታ እንደምናደርገው ሁሉ ጫማ ማድረግ ከሜላኖማም ይጠብቃል ብለን ማስተማር አንችልም?

መልስ፦ የቆዳ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ ጥናቱን በትክክል ጠቅሰውታል፤ መደምደሚያው ግን ከጥናቱ አልፎ ሄዷል። የተጠኑት ጃፓናውያን ጫማ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ጥናቱ የሚያሳየው ዕጢው በየትኛው የእግር ክፍል እንደሚበዛ ነው፤ ጫማ የለበሰና ያልለበሰ ሰው አላወዳደረም። በአካባቢያችን ደጋ የሚታየው የእግር እብጠት ከአፈሩ ጋር ለረጅም ጊዜ በመነካካት የሚመጣ መሆኑ በሚገባ የታወቀ ስለሆነ ስለ ጫማ ለማስተማር እርሱ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ሜላኖማን ጨምረንበት ጫማ ያደረገው ሰው ደግሞ ቢታመም ሕዝቡ በሁለቱም ትምህርት ላይ እምነቱን ያጣል።

መልስ፦ ጤና መኮንን፣ መንዝ

ዶክተር፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ስለ ጥፍር ጥቂት ቢጨምሩልኝ፤ በጥፍራቸው ላይ ቁመቱን ተከትሎ የወረደ ጥቁር መስመር ያላቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ልላካቸው?

መልስ፦ የቆዳ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

አይላኩ። በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ዕድሜ በገፋ ቁጥር በብዙ ጥፍሮች ላይ እንዲህ ያሉ መስመሮች መታየታቸው የተለመደ ነው። የሚያሳስበው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በተለይ በአውራ ጣት ላይ በጎልማሳነት የጀመረ፣ ከሥሩ እየሰፋ የሚመጣ፣ ጥፍሩን የሚሰነጥቅ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ የፈሰሰ መስመር ነው። ጥፍሩ ተመትቶ የረጋ ደም ከሆነ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሥሩም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈውን ቦብ ማርሌይን የገደለው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ሜላኖማ እንደነበር ለወጣቶቹ ቢነግሯቸው ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያስታውሱታል።

መልስ፦ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ማለፍ አልቻልኩም። ከክፍለ አገር ከሚደርሱን ናሙናዎች ውስጥ የሚያሳዝኑኝ «ኪንታሮት ነው» ተብለው በእሳት ወይም በአሲድ ከተቃጠሉ በኋላ የሚመጡት ናቸው። የሜላኖማ ደረጃ በዋናነት የሚወሰነው ዕጢው ወደ ታች በሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደጠለቀ በመለካት ስለሆነ፣ የተቃጠለ ወይም ከላይ ብቻ የተፋቀ ሥጋ ያን ልኬት ያጠፋዋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበት ጥቁር ምልክት በጤና ጣቢያ አይነካ። ሆስፒታል ናሙናውን ሲወስድም በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከሥጋው አሥር እጥፍ በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ያስቀምጠው፤ ከየትኛው እግርና ከየትኛው ቦታ እንደተወሰደም ይጻፍበት።

ሌላው ከጃፓን የምቀዳው ነገር መዘግየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትን የሚገታውን የፒዲ-1ን ፕሮቲን የሚያመርተውን ጂን እ.ኤ.አ. በ1992 ያገኙት በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ታሱኩ ሆንጆ ቡድን አባላት ናቸው፤ ሆንጆም እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ከዚያ ግኝት የመጣው፣ ፒዲ-1ን የሚያግደው ኒቮሉማብ የተባለው መድኃኒት ለሜላኖማ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 በዚያው በጃፓን ነው። ሆኖም መድኃኒቱ በተወለደበት አገር በእጅና በእግር ሜላኖማ የታመሙና በሽታው የተሠራጨባቸው 193 ሰዎች ሲጠኑ ዕጢያቸው በዚህ መድኃኒት ወይም ፒዲ-1ን በሚያግድ መሰሉ የቀነሰላቸው 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በጥፍር ሥር የጀመረባቸው ደግሞ ውጤታቸው ከዚህም ያነሰ ነበር። መድኃኒቱ በእጃቸው ላለ ሐኪሞች እንኳ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ለእኛ ታካሚ ያለው ዕድል ዕጢው ገና ስስ ሳለ በቢላዋ ተቆርጦ መውጣቱ ነው።

መልስ፦ የቆዳ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን

በባለሙያዋ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ለመምህሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ እነዚያው የሺንሹ ሐኪሞች ጉብታውና ቦዩ በማይለይበት ጊዜ ውስጥ እግሩን በነጭ ሰሌዳ ማርከር ቀብተው ወዲያው ይጠርጉታል፤ ቀለሙ በቦዩ ውስጥ ብቻ ስለሚቀር የምልክቱ ጥቁረት ከእርሱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ወይም በመሐሉ ባለው ጉብታ ላይ እንደተቀመጠ በደርሞስኮፕ ይታያል። ማርከሩ ከክፍልዎ ይገኛል፤ በስልክ ካሜራ ላይ የሚገጠም ደርሞስኮፕ ለጤና ጣቢያው ለመግዛት ደግሞ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ይቻላል። ጤና መኮንኑ እስከዚያው ምልክቱን ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ እያነሡ በየሦስት ወሩ ቢያወዳድሩት ጥሩ ነው፤ ይህ ግን ከላይ ይላክ ያልኩትን ምልክት ለማቆየት ምክንያት አይሁን።