ክርክር፦ ዘረኛ ገጸ ባሕርይ ሲያስቅ ተመልካቹ የሚስቀው በማን ነው?

አወያይ፦ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለው የኖርማን ሊር ሲትኮም (ተከታታይ አስቂኝ ድራማ) በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 1971 ነው። የኒው ዮርኩ የኩዊንስ ሰፈር ወዛደር አርቺ በንከር ጥቁሩንም፣ አይሁዱንም፣ ሴቱንም ከሶፋው ሳይነሳ ይዘልፋል፤ ሕዝቡ ይስቃል። ጥያቄው፦ እንዲህ ያለ ኮሜዲ ጥላቻን ያጋልጣል ወይስ ያለማምዳል? በእኛ ሲትኮሞች ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ በዘዬያቸው ሲሳቅባቸውም ነገሩ ያው ነውና አንሱት።

ባለ ስክሪፕቱ፦ ያጋልጣል። ጣቢያው ራሱ ፈርቶ በመጀመሪያው ምሽት ማስጠንቀቂያ ለጠፈ፤ የተቃውሞ ስልክ ይጎርፋል ብሎም ተጨማሪ ስልክ ተቀባዮች አዘጋጀ። የተፈራው ጎርፍ አልመጣም። ድራማው ለ5 ተከታታይ የስርጭት ዘመን በተመልካች ብዛት አንደኛ ሆነ። ተመልካቹ አርቺ ሞኝ መሆኑ ገብቶታል። የዘረኛውን አፍ ለጉማችሁ የምትጽፉት ነገር ኮሜዲ ሳይሆን ስብከት ነው የሚሆነው።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ የተመልካች ብዛት ማን ምን እንደገባው አይነግርህም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቪድማርና ሮኪች እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የፈተሸው። የአሜሪካ ወጣቶችንና የካናዳ ጎልማሶችን ጠየቁ፤ ጥላቻው የበረታበትም ያነሰበትም ድራማውን ወዶታል። ልዩነቱ የመጣው «ማንን ታደንቃለህ? በመጨረሻ የሚረታው ማን ነው?» ሲባል ነው። ጥላቻው የበረታበት ሰው ወደ አርቺ አደላ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ «አርቺ በንከር ለፕሬዚዳንት» የሚል ቲሸርት ገበያ ላይ ነበር። የሚለብሱት ሁሉ ሲያሾፉ ነበር ትለኛለህ?

ባለ ስክሪፕቱ፦ ተመልካቹ አጣሞ ቢያይ ደራሲው ምን ዕዳ አለበት? እንዲያ ከሆነ ቅኔም አይዘረፍ፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የሚሄድ አይጠፋምና።

ከኤዲቲንግ ክፍል፦ ዕዳው ግማሹ ደራሲው ላይ፣ ግማሹ እኛ ላይ ነው። ሳቁ ሲነሳ ካሜራው ማን ላይ ነበር? ስድቡ እንዳለቀ 2 ሰከንድ ተሳዳቢው ፊት ላይ ከቆያችሁ ጭብጨባውን ለእሱ ሰጣችሁት። በፍጥነት ወደ ሰሚው ከቆረጣችሁና ዝም ብሎ የሚያየውን ሰው አንድ ሙሉ ሰከንድ፣ ማለትም 25 ፍሬም ካቆያችሁ፣ ሳቁ ወደ ተሳዳቢው ሞኝነት ይዞራል። የአርቺ ጥቁር ጎረቤት ላየነል የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፦ ፊቱን ኮስተር አድርጎ አርቺ በሚለው ይስማማል፣ አርቺ እየተሾፈበት መሆኑ አይገባውም፣ ተመልካቹ ከላየነል ጋር ይስቃል።

ሁለተኛው የተቀዳ ሳቅ ነው። አሜሪካዊው የድምፅ ባለሙያ ቻርሊ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራት ሣጥን እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፍ እየተመታች 320 ዓይነት ሳቅ ታወጣ ነበር፤ ዛሬ ሥራው በኮምፒውተር ነው። ስሕተቱ ሳቁን ስድቡ ላይ መጫን ነው። መልሱ ከሳቁ ሥር ይሰጥማል፤ ተመልካቹ የሚሰማው ስድቡን ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ያለ ሳቅ ቁረጡ፤ ትዕይንቱ ባዶውን ከቆመ ሳቁን ከመልሱ በኋላ አስገቡ። «ማሽ» በተባለው የጦር ሜዳ ሆስፒታል ሲትኮም የቀዶ ጥገና ክፍሉ ትዕይንቶች ሳቅ አይገባባቸውም ነበር፤ ዝምታውም ሥራ ይሠራል።

ስታንዳፐር፦ መድረክ ላይ ካሜራ የለም፤ ያለው ጆሮ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ኮሜዲያን ዴቭ ቻፔል እ.ኤ.አ. በ2005 የ50 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ጥሎ ደቡብ አፍሪካ የገባው በሳቅ ምክንያት ጭምር ነው። ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ የጥቁሮችን የተለመደ ምስል የሚያሾፍበት ጭውውት ሲቀረጽ አንድ ነጭ የቀረጻ ባልደረባ ሳቀ። አሳሳቁ «ከእኔ ጋር» ሳይሆን «በእኔ» ሆነበት። ስለዚህ ባለ ስክሪፕቱ የጠቀስከው ቅኔ አያስኬድህም። አዝማሪ ቤት የተሰደበው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ «ተቀበል» ብሎ የራሱን ግጥም ይመልሳል። ቴሌቪዥን ላይ የተሰደበው መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም፤ ካልጻፋችሁለት በቀር።

ጠበቃው፦ ስለ ሕጉ ባጭሩ። የኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ሆነ ብሎ ጥላቻን የሚያነሳሳ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። የኪነ ጥበብ ሥራ ግን በልዩ ሁኔታ ተጠቅሷል። ስለዚህ ክስ ቀልድን ለማረም የመጀመሪያው በር አይደለም፤ «ሕጉ ይፈቅድልናል» ማለትም «ቀልዱ ጥሩ ነው» ማለት አይደለም።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ «ያለማምዳል» የሚለውን ቃል ላስተካክል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፎርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ሴትን የሚያንቋሽሽ ቀልድ ንቀት ያልነበረበትን ሰው ንቀተኛ አላደረገውም። ንቀቱ ቀድሞ ያለባቸው ወንዶች ግን ቀልዱን ከሰሙ በኋላ ለሴቶች ድርጅት ለመስጠት የፈቀዱት ገንዘብ አነሰ። ያው ንቀት ያለ ቀልድ፣ በደረቁ ሲነገራቸው ውጤቱ አልታየም። «ይሄ ቀልድ ነው» የሚለው ምልክት ፈቃድ ይሰጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ከስርጭት በፊት 10 ወይም 15 ሰው ሰብስባችሁ «አሳቃችሁ?» አትበሉ። ሁሉም «አዎ» ይላል። ሳይነጋገሩ በወረቀት ሁለት ነገር ይጻፉ፦ በዚህ ትዕይንት ማን ተሸነፈ? ማንን መሆን ትፈልጋላችሁ? መልሱ ለሁለት ከተከፈለ ያልጠራው ስክሪፕቱ ነው።

ከኤዲቲንግ ክፍል፦ ቲክቶክንም አስቡ። ስድቡ በ10ኛው ሰከንድ፣ ቅጣቱ በ2ኛው ደቂቃ ከሆነ ሰው ቆርጦ የሚለጥፈው የፊቱን ብቻ ነው። መልሱን እዚያው አጠገቡ ጻፉት።

ባለ ስክሪፕቱ፦ እሺ፣ ካሜራውንና ወረቀቱን ተቀበልኩ። ግን ዘበኛው ዘዬ አይኑረው ነው የምትሉኝ? ከገጠር የመጣ ሰው እንደ ዜና አንባቢ ይናገር?

ስታንዳፐር፦ ይኑረው እንጂ! ያንኑ ዐረፍተ ነገር በአዲስ አበባ አነጋገር አንብበው። አሁንም ካሳቀ ቀልድ አለህ፤ ካላሳቀ የሳቅከው በሰውየው አገር ነው። ሌላ መፈተኛም አለ፦ ዘበኛው ምስጢሩን ደርሶበት ቁም ነገር የሚናገርበትን ገጽ አውጣና እይ። እዚያ ላይ ዘዬውን አስጥለህ አማርኛውን አጥርተህለታል?

ባለ ስክሪፕቱ፦ …አጥርቼለታለሁ። ግን ዳይሬክተሩ ነው ያለኝ።

ስታንዳፐር፦ ዳይሬክተሩንም ወደዚህ ጥራው።