«የዋህነቱን አጣ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የወይን አበባ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የቃላት ወዳጆች። በእንግሊዝ አገር የምትማር ታናሽ እኅቴ የአየርላንዳዊውን ባለቅኔ የሼመስ ሂኒን አንድ ግጥም እያጠናች ነው። ግጥሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ለታተመው መድበሉ ስሙን የሰጠው ሲሆን፣ ርእሱን «የተፈጥሮ ተመራማሪ ሞት» ብለን መለስነው። አንድ ልጅ በየዓመቱ ብርዱ ሲያልፍ የእንቁራሪት እንቁላል ከኩሬ በማርማላታ ጠርሙስ እየቀዳ በቤቱና በትምህርት ቤቱ ይደረድራል፤ አስተማሪውም ስለ አባት እንቁራሪትና ስለ እናት እንቁራሪት ታስረዳዋለች። በኋላ ግን በአንድ የሙቀት ቀን እንቁራሪቶቹ ኩሬውን ወርረው ሲያጓሩ ያገኛቸውና ሊበቀሉት የተሰበሰቡ መስሎት ይሸሻል። እኅቴ ይህንን ለአባታችን ስታስረዳ «ልጁ የዋህነቱን አጣ» ብትላቸው፣ «ታዲያ ክፉ ሆነ ማለት ነው?» ብለው ጠየቋት። መልስ አጣን። ልጁ ክፉ አልሆነም፤ የፈራ ልጅ ነው። ትክክለኛው ቃል የትኛው ነው?

ባለግስ፦ አባታችሁ የጠየቁት የሚገባ ጥያቄ ነው። «የዋህ» ግሱ «የውሀ» ነው፤ ገራም ሆነ፣ ለዘበ ማለት ነው። ጌታ በወንጌል «እኔ የዋህ በልቤም ትሑት ነኝ» ሲል አላዋቂ ነኝ ማለቱ አይደለምና፣ የዋህነት አዋቂ ሰው በትግል የሚደርስበት ምግባር እንጂ ሕፃን ስላላወቀ ብቻ የሚኖረው ነገር አይደለም። ስለዚህ «የዋህነቱን አጣ» የተባለ ሰው ምግባሩን ያጣ ሰው ነው፤ አባታችሁም የሰሙት ይህንኑ ነው።

ጠብታ፦ በመምህር ፈቃድ የራሴን ሐሳብ ልጨምር። «የዋህ» በሚለው ቃል ውስጥ «ውኃ» ያለ ይመስለኛል፤ የዋህ ማለት እንደ ውኃ የጠራ፣ የሰጡትን መልክ የሚቀበል ማለት ይሆናል። ግጥሙ ደግሞ ከኩሬ ተነሥቶ በኩሬ የሚያልቅ ስለሆነ፣ የውኃው መደፍረስና የልጁ መለወጥ በአማርኛችን በአንድ ቃል ይገናኛሉ።

ባለግስ፦ ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ሥሩ ግን አይፈቅድም። በ«የዋህ» መነሻ ያለው «የ» የግሱ ፊደል ነው እንጂ የአማርኛው አገናዛቢ «የ» አይደለም፤ ግዕዝ በዚያ ቦታ «ዘ» ነው የሚለው። ውኃም በግዕዝ «ማይ» ነው። ቃሉ አማርኛ ሳይወለድ በግዕዝ የነበረ ከሆነ፣ ከአማርኛው ውኃ ሊወጣ አይችልም።

ጠብታ፦ የግሱን ነገር ተቀብያለሁ። ነገር ግን ዛሬ በከተማ «እሱ የዋህ ነው» ሲባል በቀላሉ የሚታለል ማለት እንደሆነ መምህር አይክዱም። በዚህ አነጋገር «የዋህነቱን አጣ» ማለት «ነቃ» ማለት ነው፤ የልጅቷም አረፍተ ነገር በዚህ በኩል ትክክል ነው።

ባለግስ፦ አልክድም። ነገር ግን ወንጌሉ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» ሲል ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አኑሯቸዋል። ልባም መሆን የዋህነትን የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ባልተፈጸመ ነበር።

ዋሸራ የቆጠርሁት፦ በቅኔ ቤት ዘመኔ ከፊደል ሳይነሡ ምሥጢር መፍታት ነውር ነበርና፣ እኔም ከፊደል እነሣለሁ። ስለ የዋህ ስትከራከሩ «ሕፃን» የሚለውን ዘለላችሁት። ሕፃን በፀሐዩ «ፀ» የሚጻፈው «ሐፀነ» ከሚለው ግስ ስለሚወጣ ነው፤ ሐፀነ አሳደገ፣ አቀፈ ማለት ሲሆን «ሕፅን» ደግሞ እቅፍ፣ ብብት ነው። ስለዚህ ሕፃን በዕድሜ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም ሕፃን የተባለው፤ የታቀፈ ስለሆነ ነው። ልጁን ያቀፈችው ተፈጥሮ በዚያ ቀን ጣለችው። ያጣው ጠባዩን አይደለም፤ እቅፉን ነው።

የወይን አበባ፦ አባ፣ ይህ አነጋገርዎ ልቤን ነክቶታል። እንዲያ ከሆነ «ልጁ ነፍስ አወቀ» ብንል ይበቃ ይሆን? በእኛ ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ «ነፍስ ያላወቀ ሕፃን» ነው የምንለው።

ዋሸራ የቆጠርሁት፦ ልጄ፣ መልካም ብለሻል፤ ነገር ግን «ነፍስ አወቀ» የማግኘት ቃል ነው። እናት ልጇ ነፍስ ሲያውቅ ደስ ይላታል እንጂ አታለቅስም። የግጥሙ ርእስ ደግሞ ሞት ነው። አባቶች የዕፀ በለስን ነገር ሲተረጉሙ ማወቁንና ማጣቱን አንድ ላይ ይዘው ነው፤ አዳም መልካምና ክፉን ባወቀባት ቀን ገነትን አጣ። አንቺ የያዝሽው ማወቁን ብቻ ነው፤ ማጣቱ ቀረ።

ጠብታ፦ ማጣቱን በ«በት» እናግባዋ። «ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ኩሬው ባዕድ ሆነበት» ቢባል፣ «ሆነበት» የሚለው ብቻውን ጉዳቱን ይሸከማል። ኩሬውም ቢሆን ተራ ኩሬ አይደለም፤ የተልባ አገዳ ተዘፍዝፎ የሚበሰብስበት ነው። እኛ ተልባን ለፍሬው ስንዘራ እነርሱ ለቃጫው ያበቅሉት ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ቀጭን የተልባ እግር» የሚለው የቅዱሳን ልብስም ከዚሁ ተክል ነው። ነጩ ልብስ ከዚያ ከሚሸት ኩሬ እንደሚወጣ ስናስብ ግጥሙ ይበልጥ ይከብዳል።

ባለግስ፦ «ሆነበት» ጥፋቱን በኩሬው ላይ ይጥላል። እኔ ግን ግጥሙን ደግሜ ሳስበው ልጁ የሸሸው ኩሬው ስለከፋ አይመስለኝም። እንቁላሎቹን የወሰደው እርሱ ነው፤ እንቁራሪቶቹ ሊበቀሉ የመጡ የመሰለውም፣ እጁን ቢያስገባ እንቁላሎቹ ጨብጠው የሚያስቀሩት የመሰለውም ስለዚህ ነው። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ በደለኛ ነኝ ማለት ነው። ጲላጦስ እጁን ታጥቦ «ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ» ያለውን እናስታውስ፤ ዛሬም «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» እንላለን። ልጁ ያጣው ንጽሕናውን ነው እላለሁ።

የወይን አበባ፦ መምህር፣ «ንጽሕናውን አጣ» ብንላቸው ደግሞ አባታችን የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው፤ ድንግልናውን ያጣ ነው የሚመስላቸው።

ዋሸራ የቆጠርሁት፦ ይምሰላቸው። አስተማሪዋ ስለ አባትና ስለ እናት እንቁራሪት፣ እናቲቱም ስለምትጥለው እንቁላል የነገረችው በከንቱ ነው እንዴ? አባትሽ የሚሰሙት ሁለተኛው ትርጉም በግጥሙ ውስጥ አለ። ይህማ ወርቁ ነው።

ባለግስ፦ በዚህ አልስማማም፤ ልጁ ገና ያንን አያውቅም።

ዋሸራ የቆጠርሁት፦ ልጁ አያውቅም፤ ግጥሙ ያውቃል።