የስዊድኖች ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፦ ፊላደልፊያ ወይስ ዊልሚንግተን?

ጠያቂ ከአምስት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ፊላደልፊያ እህቴ ጋ ልትሄድ ነው። የመካነ ኢየሱስ ምእመን ስለሆነች የስዊድን ሰፋሪዎች የመሠረቱትን ቤተ ክርስቲያን ማየት ትፈልጋለች። ፊላደልፊያም ዊልሚንግተንም አለ ተባልን። ያላት አንድ ቀን ነው፤ የቱ ይሻላል? እኛ አገር ከመጡት ሚሲዮናውያን ጋርስ ይገናኛል?

ፒያሳ፦
ሕንፃው ራሱ ከሆነ የሚፈልጉት ዊልሚንግተን ይሂዱ። ቅድስት ሥላሴ ይባላል፤ የተቀደሰው በ1699 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የቆመው ከ1638 ጀምሮ ሰው ሲቀበርበት በነበረ ቦታ ላይ ነው። በደቡብ በኩል ያለውን ባለ ቅስት በረንዳ ሳያዩ እንዳያልፉ። ጌጥ ይመስላል እንጂ ድጋፍ ነው፦ የጣሪያው ክብደት ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለገፋው በ1750 ተጨመረ። የደወሉ ማማም በ1802 የተሠራ ስለሆነ የመጀመሪያውን መልክ ለማየት ሁለቱን በሐሳብ ማንሳት ያስፈልጋል።

አራት ኪሎ፦
በዕድሜ ለገፉ እናት ፊላደልፊያ ይቀላል። ዊልሚንግተን ለመድረስ ከ30ኛው ጎዳና ጣቢያ ባቡር መያዝ አለ፤ ቅዳሜና እሁድ ባቡሩ ይሳሳል፤ ከወረዱ በኋላም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፣ ታክሲ ይያዙ። የፊላደልፊያው ግሎሪያ ዴይ ደላዌር ወንዝ አጠገብ ነው፣ በ1700 የተቀደሰ። ገብተው ቀና ሲሉ ሁለት ትንንሽ መርከቦች ከጣሪያው ተንጠልጥለው ያያሉ፤ በ1638 የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ያመጡት የፎገል ግሪፕና የካልማር ኒኬል ሞዴሎች ናቸው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ስድስት ኪሎ፦
ከእኛዎቹ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። በዚያ አካባቢ የነበረው የስዊድን ቅኝ ግዛት በ1655 በሆላንዶች እጅ ወደቀ። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያኖች የተሠሩት ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በእንግሊዞች ዘመን፣ ከስዊድን በተላኩ ቄሶች ነው። ወደ እኛ የመጣው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ግን የተቋቋመው በ1856 ነው፤ ምጽዋ በ1866 ደረሰ፤ ሚሲዮናዊው ካርል ሴደርክቪስት አዲስ አበባ የገቡት በ1904። ሌላው፣ ሁለቱም ዛሬ የኤጲስቆጶሳዊት (የአሜሪካ አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ግሎሪያ ዴይ ከ1845 ጀምሮ። እሁድ የሚሄዱ ከሆነ የሉተራን ሥርዓት እንዳይጠብቁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጠያቂ ከአምስት ኪሎ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊላደልፊያ ይሁን። ሰዓቱስ?

አራት ኪሎ፦
እህትሽ ወይም እህትህ ቀድማ ትደውል፤ ሠርግ ካለ ለጎብኚ አይመችም። የሚነግሯት ሰዓት በነሱ አቆጣጠር ስለሆነ ለእናት ሲነገር ይቀየር፦ «10 ሰዓት» ካሉ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው።